ጀልባው አለ፣ ጉግል ግን አያየውም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ አመላልሳለሁ። ዓምና ድረ ገጽ አሠራሁ። ጉግል ላይ «የጣና ጀልባ» ብዬ ስፈልግ ግን የሌሎቹ ይደረደራል፣ የእኔ የለም። አንድ ልጅ ደግሞ «ክፈለኝና በሳምንት አንደኛ አወጣሃለሁ» ይለኛል። ልክፈለው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትከፍል! አንደኛ አወጣለሁ ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ማንም እንደሌለ ጉግል ራሱ ይናገራል። በገንዘብ የሚገኘው ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ተራውን ውጤት ጉግል በብር አይሸጥም።

የላክኸውን አድራሻ በስልኬ ከፈትኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ገጹ እስኪመጣ አቦሉን ጠጥቼ ጨረስኩ። ሲመጣ ደግሞ አንድ ትልቅ ፎቶ ነው፤ ታንኳ፣ ፔሊካን፣ ላዩ ላይ በቢጫ የተጻፈ ዋጋና ስልክ ቁጥር። ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን እስቲ ጣትህን ጽሑፉ ላይ ጫን አድርገህ ኮፒ ለማድረግ ሞክር። እምቢ አለ አይደል? ፊደሉ የፎቶው አካል ስለሆነ ነው። ጉግል በዋናነት የሚመካው ደግሞ በጽሑፍ ነው። ጭራሽ የገጹ ርዕስ፣ ማለትም ውጤቱ ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው መስመር፣ «መነሻ ገጽ» ይላል። በዓለም ላይ ስንት «መነሻ ገጽ» አለ?

ከርዕሱ ጀምር። «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ» ዓይነት ይሁን። ከዚያ እንግዶችህ ወደቡ ላይ ቆመው የሚጠይቁህን ሁሉ በጽሑፍ መልስ፤ ዘጌ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት መግቢያ ከጀልባው ሒሳብ ውጪ ነው ወይ፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሣል ወይ፣ ክብራን ገብርኤል ሴት ይገባል ወይ። (አይገባም። ይህን ሳይነገራቸው ተሳፍረው ጀልባ ላይ ቁጭ የሚሉ እህቶች ምን እንደሚሉ አንተም ሰምተሃል።) ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው እኮ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው፣ መልሱን ደግሞ ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል? በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለየብቻ ገጽ ይኑረው። የዘጌንና የባሕር ዳርን ስም በእንግሊዝኛ ሁሉም እንደመሰለው ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጣል አድርግ።

ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የፎቶዎቹን መጠን አሳንስ። የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይልም ክፈት፣ ነፃ ነው፤ ካርታው ላይ ያወጣሃል፣ ለአንተ ዓይነቱ ሥራ እንዲያውም ከድረ ገጹ ሊበልጥ ይችላል። ደስ ብሎት ከጀልባ የሚወርደውን እንግዳ እዚያው አስተያየት እንዲጽፍልህ ጠይቀው፣ በገንዘብ ግን እንዳታስጽፍ። ሰርች ኮንሶል የሚባለውም በነፃ ነው፣ ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጽህ ብቅ እንዳለ ያሳይሃል። የቀረው ትዕግሥት ነው። ጉግል ለውጡ ፍሬ እስኪያፈራ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል ይላል፤ ሰኔ ላይ ከጀመርክ ምናልባት ለጥምቀት እንግዶች ትደርሳለህ።

ጥያቄ፦ ፔዳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ከታች በነጭ ፊደል «ባሕር ዳር ሆቴል» የሚለውን 50 ጊዜ ደጋግሞ ጽፎታል። ሰው አያየውም፣ ጉግል ግን ያየዋል አለን። ይጠቅመናል?

መልስ፦ ዛሬውኑ አስጠፉት። የተደበቀ ጽሑፍ ጉግል በግልጽ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ከደረሰበት ገጻችሁን ወደ ታች ሊጥለው ወይም ከነጭራሹ ሊያወጣው ይችላል። ከገጹ ጀርባ፣ ኮዱ ውስጥ፣ የሚሞላው የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ከንቱ ድካም ነው፣ ጉግል እንደማይጠቀምበት ከተናገረ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይልቅ ከሐይቁ ምን ያህል እንደምትርቁ ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ? እሱንም ጻፉት፣ እኔ ብሆን አልጋ ከመያዜ በፊት የምፈልገው እሱን ነው።