የወረዳ ሠራተኛ ማን ይቆምለታል? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ መንግሥት ሠራተኛ መደራጀትና ውክልና የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበርና ከአረርቲ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በላይ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ቢሮዎች ሠርቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ሠራተኛው መርጦኝ የዲስፕሊን ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የምመልሰው ከዚያ ባየሁትና ከሕጉ ባነበብኩት ነው። የጠያቂዎችን ስም አላወጣሁም፤ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እነሱ ማኅበር አላቸው። ሰርቪስ ሲቀር፣ ቱታ ሲዘገይ ማኅበሩ ገብቶ ይነጋገራል። እኛ ዲግሪ ይዘን ለምን የለንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጣም የተደጋገመው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ታናሽህ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሥራ ሁኔታን የሚወስን የጋራ ውል፣ ይፈራረማል። ማኅበራቱ ደግሞ በየዘርፋቸው ፌዴሬሽን አላቸው፤ ከበላያቸው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) አለ። ኢሠማኮ መነሻው የ1955ቱ የሠራተኞች ማኅበር ነው።

አንተ ግን በዚያ አዋጅ ውስጥ የለህም። አዋጁ ራሱ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን ለይቶ ያስወጣል፤ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች፣ ፖሊስ፣ መከላከያ፣ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች። አንተን የሚገዛህ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ዝውውር፣ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቅሬታ ታገኛለህ። ታናሽህ እንዳለው ዓይነት የኅብረት ድርድር ግን አታገኝም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመንግሥት ሠራተኛን በስም ጠርቶታል። ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለና የሥራው ጠባይ የሚፈቅድለት የመንግሥት ሠራተኛ የመደራጀት መብት አለው ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ በወረዳችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሊሆን ይችላል። አንተም አንተን የሚመለከተውን ዝርዝር ሕግ አሁንም ትጠብቃለህ።

ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 የተቀበለችው በ1955 ነው። ስምምነቱ ሠራተኛ ሁሉ ያለ ልዩነት ይደራጅ ይላል። አገሮች በራሳቸው ሕግ እንዲወስኑበት የተወላቸው ጦሩንና ፖሊሱን ብቻ ነው። የግብርና ባለሙያ ከሁለቱም አይደለም።

ጥያቄ፦ መብራት ኃይልና ቴሌ የመንግሥት አይደሉም እንዴ? እነሱ ማኅበር እንዳላቸው ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ልክ ሰምተሻል። ባለቤታቸው መንግሥት ነው፤ ነገር ግን የልማት ድርጅት ስለሆኑ ሠራተኞቻቸው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይተዳደራሉ። መለያው የሕንፃው ባለቤት ማን መሆኑ አይደለም። የቅጥር ደብዳቤሽ በየትኛው አዋጅ መሠረት ነው የሚለው? እሱን አውጥተሽ አንብቢ። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከቶ ዳግመኛ አያየውም።

ጥያቄ፦ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ነኝ፤ የቀጠረኝ ግን ኤጀንሲ ነው። አሥራ አራት ነን። የምንጠይቀው ማንን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ከግብርና ባለሙያው ትሻላለህ። አሠሪህ ኤጀንሲው ነው፤ ስለዚህ በ1156/2011 ሥር ነህ። አሥራ አራት ከሆናችሁ ቁጥሩ ይበቃችኋል። የማኅበር አባል ስለሆንክ ወይም የሠራተኛ ተወካይ ለመሆን ስለተወዳደርክ ማሰናበት በአዋጁ የተከለከለ ነው። ቅሬታ ስላቀረብክም እንዲሁ። ለመመዝገብ ከዞኑ የሥራና ሠራተኛ ጉዳይን ከሚይዘው ቢሮ ጀምሩ። ብቻህን አትሂድ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሴቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ደረቅ ቆሻሻ እንሰበስባለን። ማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ ያዘገይብናል። ማኅበር ስላለን በሠራተኛ ማኅበርነታችን መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ እህቶቼ፣ እዚህ ላይ «ማኅበር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የእናንተ ማኅበር ንግድ ነው፤ ሠራተኛ ማኅበር አይደለም። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ያላችሁ የአገልግሎት ውል ነው፤ ደመወዝተኛ አይደላችሁም። ስለዚህ ጉዳያችሁ የሚታየው በውሉ ነው። ውሉ ላይ ክፍያ በስንት ቀን ይከፈላል ይላል? ካለፈስ? ከሌሎቹ የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋር ሆናችሁ አንድ ደብዳቤ ብትጽፉ ክብደት ይኖረዋል። ደግሞ በቀን የምታሠሯቸው ልጆች ካሉ፣ ለነሱ አሠሪ እናንተ ናችሁ። ጓንትና ቦቲ ከእናንተ ይጠበቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደመወዜ ሳልፈርም መዋጮ ተቆረጠ። ስጠይቅ «ሁሉም ተስማምቷል» አሉኝ። እኔ በስብሰባው አልነበርኩም።

መልስ፦ ይሄ በእኔም ደርሷል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲደነግግ ነው። በወር የሚቆረጠውም ከደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ የክልል ሕጎችም የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው። በስብሰባ ላይ ጭብጨባ የጽሑፍ ስምምነት አይደለም።

እኛ ምን አደረግን? ስምንት ሆነን አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍን። «አልተስማማንም፤ የተቆረጠው ይመለስልን» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ስድብ የለበትም፤ ፖለቲካ የለበትም። በሁለት ቅጂ አድርገን መዝገብ ቤት ወሰድነው። ታኅሣሥ ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ በነጠላ ተጠቅልላለች። ማኅተሙ ቀለሙ ደርቆ አልያዝ ሲላት ሁለቴ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበትና መታችው። ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን ጻፈችበት። አንዱ ቅጂ ከእኛ ጋር ቀረ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለኝ።

ኃላፊው ጠርቶን «እንዲህ አድርጋችሁ ልትከሱኝ ነው?» አለን። «የለም፣ መልስ እንድትሰጡን ነው» አልን። በሚቀጥለው ወር መቁረጡ ቆመ። የተቆረጠው ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ። ስምንት ባንሆን ይመለስ ነበር ብዬ አላምንም። ገቢ ቁጥር ባይኖረውም እንዲሁ።

ስለዚህ ማመልከቻ ስታስገቡ ቅጂው ላይ ገቢ ሳይመታ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። «ጠረጴዛዬ ላይ ተውልኝ» የሚል ኃላፊ ካለ፣ በትሕትና «መዝገብ ቤት አስገብቼ ልምጣ» በሉት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የመምህራን ማኅበር አለን አይደል? ይሄ አይበቃም?

መልስ፦ መምህር፣ የመምህራን ማኅበር ትልቅ ታሪክ አለው። ከ1941 ጀምሮ ነበረ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አገሪቱን ያናወጠው ንቅናቄ አካል ነበሩ፤ በዚያው ሰሞን የሠራተኛ ማኅበራቱም ጠቅላላ አድማ መቱ። ማኅበራችሁ ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ፣ ስለ ደረጃ ዕድገት ይናገራል፤ ደግ ነው። ነገር ግን መናገርና የኅብረት ስምምነት መፈረም ይለያያል። የተፈረመ ስምምነት ሲጣስ ይዘኸው የምትሄድበት ቦታ አለ። ንግግር ሲረሳ ግን ተረሳ ነው።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት አልተከፈለንም። ሥራ ብናቆም ምን ይመጣብናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ሌሊቱን ብቻዋን አዋላጅ ሆና ያደረች ሰው ገንዘቧን ስትጠይቅ ልመና ሊሆን አይገባም።

ሕጉን ግን እንዳለ ልንገርሽ። በ1156/2011 ሥር ላሉት እንኳ አድማ ሥርዓት አለው። ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ መጀመሪያም ለመግባባት መሞከር አለበት። ሆስፒታል፣ ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ውኃ፣ መብራት፣ የከተማ ጽዳት፣ እሳት አደጋና ቴሌ ደግሞ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ተብለው ሥራ ማቆም ተከልክለዋል። አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሽ ያም አዋጅ አይደግፍሽም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩ ነበሩ፤ የባለሙያዎቹ ማኅበርም ታግዷል። ይሄን ሳልነግርሽ «አይዞሽ ቁሚ» ብልሽ ወንድምነት አይሆንም።

ያለሽ መንገድ ወረቀት ነው። የተረኝነት ሰሌዳው ፎቶ ይነሳ። ማን በየትኛው ሌሊት እንደሠራ ተፈርሞ ይያዝ። ሁላችሁም በአንድ ማመልከቻ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ግልባጭ ለፋይናንስና ለወረዳ ምክር ቤት አድርጋችሁ ጻፉ። ወረዳው የሚንቀሳቀሰው ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል በጀትና በራሱ ገቢ ነው። ጥያቄያችሁ በጀት ከመዘጋቱ በፊት፣ ማለትም ሰኔ ሳይደርስ፣ በጽሑፍ ካልገባ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። ሚያዝያ ላይ አስገቡት።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ተጨምሮልናል፤ ከዚህ በላይ ማኅበር ምን ያመጣል?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጥቷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ቁጥሩን የሰማነው ከቴሌቪዥን ነው። የሸዋ ሮቢት የቤት ኪራይ፣ የመሐል ሜዳ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደሆነ ማንም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አልጠየቀንም። ውክልና የምለው ይሄንን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሠራተኛ አይደለሁም፤ የመንዝ ገበሬ ነኝ። ለይዞታ ደብተር ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ሠራተኛው የለም» እባላለሁ። እናንተ ስትደራጁ ለኛ ምን ይጠቅመናል? የሚሰርቀውን ለመሸሸግ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው፤ ይቅርታም ልጠይቅዎ ይገባኛል። ሰው ከሩቅ በእግሩ መጥቶ «ነገ ና» ማለት በደል ነው።

እኔ በኮሚቴ ስቀመጥ ጉቦ የተቀበለ ሰው ክስ ቀርቦልኝ አውቃለሁ። በሠራተኛው የተመረጥኩ ብሆንም ከሥራ ይሰናበት ብዬ ፈርሜአለሁ። ማስረጃውን ሰምተን፣ እሱም መልሱን ሰጥቶ፣ ምስክሩን አቅርቦ ነው። ተወካይ ማለት ጥፋተኛን የሚሸሽግ አይደለም፤ ሰው ሳይሰማ እንዳይቀጣ የሚያይ ነው።

ደግሞ «ሠራተኛው የለም» የሚባለው አንዳንዴ እውነት ነው። ሁለት ሰው ለቆ በምትኩ አልተቀጠረም፤ የቀረው አንድ ልጅ ለስብሰባ ተወስዷል። ያ ልጅ «ባለጉዳይ እየጠበቀኝ ነው፣ ስብሰባ አልሄድም» ቢል የሚቆምለት የለውም። የሚቆምለት ሰው ቢኖረው እርስዎም ደብተርዎን ቶሎ ያገኙ ነበር። እስከዚያው ግን ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ያስመቱ። የሚጽፍልዎ ልጅ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጡረታዬ በትክክል እየገባ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ከአንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምራል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ የግል ማኅደርህን አይተህ የቅጥር ቀንህና የስምህ አጻጻፍ ከመታወቂያህ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። ስሕተቱ የሚወጣው ስልሳ ዓመት ሲሞላ ነው፤ ያኔ ማስተካከል ስቃይ ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሳምንት የቅሬታ ሰሚና የዲስፕሊን ኮሚቴ ምርጫ አለን። ማንን እንምረጥ?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ወደድኩት። አሁን ባለው ሕግ ሠራተኛው በድምፁ ሰው የሚያስቀምጥበት ወንበር ይሄ ነውና።

ምርጫው ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። አርብ ከሰዓት፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል «አንድ አጀንዳ ቀርቷል» ይባላል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዱ ይነሳና ያልመጣ ሰው ይጠቁማል፤ ፈቃድ ላይ ያለ፣ ወይ ወሊድ ላይ ያለች። ሳቅ በሳቅ ይሆንና እጅ ይወጣል፤ አለቀ። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ተከሶ ሲቀርብ፣ ያ ያልመጣው ሰው ነው በደመወዙና በእንጀራው የሚፈርደው። ቅጣቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነስቶ፣ በሦስት ወር ደመወዝ መቀጫና ከደረጃ ዝቅ በማድረግ አልፎ፣ እስከ ስንብት ይደርሳል።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ተነጋገሩ። የሚያነብ ሰው ፈልጉ፤ አዋጁን አንብቦ «እዚህ ጋ እንዲህ ይላል» የሚል። ከኃላፊው ጋር ቡና የሚጠጣ ቢሆንም ችግር የለም፣ ፊቱ ላይ ግን «አይ» ማለት የሚችል ይሁን። ከተመረጡት አንዷ ሴት ትሁን፤ ሴቶች ለወንድ ኮሚቴ የማይናገሩት ቅሬታ አለ። የጽዳት ሠራተኞችንና ጥበቃዎችን ጥሯቸው፤ ብዙ ጊዜ ስብሰባው እነሱን ይረሳል።

ጠቋሚ ካጣችሁ ደግሞ እጅሽን አውጪና ራስሽን ጠቁሚ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ የገባሁት እንደዚያ ነው።