ሆዳችሁን ሳትስቡ ተለኩ

ውድ ልጆቼ፣

ልብስ ስፌት ላይ ከተቀመጥኩ 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጀመርኩት እናቴ ጓዳ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ነው። አሁን ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ እያያችሁ ለራሳችሁ መስፋት ጀምራችኋል፤ ሳየው ከልቤ ደስ ይለኛል። ክር ማስገባቱም ዚፕ መግጠሙም ከቪዲዮ ይለመዳል። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በፊት ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ልክ።

ሴቶች ሊለኩ ፊቴ ሲቆሙ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሆዳቸውን ይስባሉ። ድሮ ምንም አልልም ነበር። የተሳበውን ሆድ ለክቼ በዚያው እቆርጥ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ አንዲት ሙሽራ የመልስ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይን አፋር ልጅ ናት። የሀበሻ ቀሚሷን ሰውነቷ ላይ ልጥፍ አድርጌ ሰፋሁላት። ፕሮቫ ላይ፣ ማለትም ልብሱ ሳያልቅ ሲሞከር፣ መስታወት ፊት ቆመች፣ አማረባት፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ሙሽራ ግን ቆማ አትውልም። የመልሱ ዕለት የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ከዚፑ ጎን ያለው ስፌት ተተረተረ። ተጠርቼ እዚያው ስለነበርኩ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አክስቷ ነጠላዋን አውልቃ ጀርባዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ ልጅቷ ግን እስከ ማታ ግድግዳ ተደግፋ አመሸች። በኋላ "ወፍሬ ነው አይደል?" አለችኝ። አልወፈረችም። ትንፋሿን እንደያዘች የለካኋት እኔ ነኝ፣ ሰው እንደሚጎነበስ የረሳሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ፕሮቫ ላይ ሁሉንም አስቀምጣለሁ፣ አስጎነብሳለሁ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አስነሳለሁ።

እናንተም ራሳችሁን ስትለኩ እንደወትሮው እየተነፈሳችሁ፣ ስስ ልብስ ለብሳችሁ ይሁን። ወገባችሁ የት እንደሆነ ካልገባችሁ ክር እሰሩና ወደ ጎን ዘንበል በሉ፤ ክሩ ሄዶ የሚቀመጥበት ቦታ እሱ ነው፣ ሱሪ የምትታጠቁበት ላይሆን ይችላል። ደረትንም ዳሌንም በጣም ሞላ ያለው ቦታ ላይ ለኩ፣ ዳሌን ደግሞ ተቀምጣችሁም ድገሙት፣ ይሰፋል። ከዚያ ከአንገት ሥር ብቅ ካለችው አጥንት እስከ ክሩ ድረስ ጀርባችሁን አስለኩ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ የቀሚሳችሁ ወገብ ከእናንተ ወገብ በላይ ወይም በታች የሚያርፈው ግን በእሷ ምክንያት ነው። በመጨረሻ መተንፈሻ ጨምሩ። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ደረት ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋችኋል።

"ኤል እንኳን አልገባልኝም" እያላችሁ ስታፍሩ ስሰማ ያመኛል። የልብስ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም እኮ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶች ለልብስ ልክ ጥናት ተለክተው ነበር፤ ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልክ ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። ዛሬም ኤም ማለት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ይወስናል። ትከሻችሁ በአንዱ ቁጥር፣ ዳሌያችሁ በሌላው ቢሆን ሰውነታችሁ ምንም ጉድለት የለበትም። ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ንድፍ፣ ስትሥሉም ሁለቱን ቁጥር ወገብ ላይ በለስላሳ መስመር ማገናኘት ትችላላችሁ።

ዋናውን ጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት በአቡጀዴ ሞክሩ። በትልልቅ ስፌት አያይዙት፣ ልበሱት፣ ከዚያ ሽብሽቡን ተመልከቱ። ከአንገት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ብብት የሚወርድ ሽብሽብ ካያችሁ ትከሻችሁ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ የትከሻውን ስፌት ጫፉ ላይ ትንሽ አስገቡት። ከማጅራት ሥር ተጋድሞ የሚታጠፍ ካለ ደግሞ ትከሻችሁ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉን ልቀቁለት። የቀሚሱ ጠርዝ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ካለ ጡታችሁ ቦታ ፈልጓል፤ ጎኑን ብታሰፉት አይስተካከልም፣ የፊቱ ርዝመት ነው የሚጨመረው። ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ተመልከቱ። የእኔ ቀኙ ከግራው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ያንን እስካውቅ ድረስ ስንት ሸሚዜን አንገትጌው ጠማማ ነው እያልኩ ፈትቻለሁ።

ስለ ብብት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። እጅጌው ሲይዛችሁ መቀስ አንስታችሁ የብብቱን ዙሪያ ወደ ታች ትቆርጣላችሁ። የባሰ ይይዛችኋል! ቀዳዳው በወረደ ቁጥር እጅጌው ከጎናችሁ ጋር ይያያዛል፣ እጃችሁን ስታነሱ ቀሚሱ እንዳለ አብሮ ይነሳል። ታክሲ ውስጥ ብረቱን ስትይዙ ሸሚዛችሁ ከቀበቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። እጅን ነፃ የሚያደርገው ብብት ላይ ሳይቆነጥጥ ጠጋ ያለ ቀዳዳ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ስለማይመለስ፣ ይህንን በአቡጀዴው ላይ እጃችሁን እያነሳችሁ ጨርሱት።

ከሽሮ ሜዳ የሽመና ጨርቅ ገዝታችሁ የሀበሻ ቀሚስ ልትሰፉ ካሰባችሁ፣ ጥጥ ይሰበሰባልና ሳትቆርጡ በቀዝቃዛ ውኃ ንከሩት። መጀመሪያ ግን ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉት፣ ቀለም ከለቀቀ አትንከሩት። ስትቆርጡ ድሩን ተከተሉ፤ ካዘነበላችሁት ቀሚሱ ቆይቶ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል። የሽመና ጨርቅ ጫፉ ቶሎ ስለሚፈታ በቆረጣችሁት ልክ ወዲያው ዘምዝሙ። ቁመቱ ከረዘመባችሁ ከታች አትቁረጡ፣ ሸማኔው የደከመበት ጥለት እዚያ ነው። ወገቡን ፈትታችሁ ከዚያ አሳጥሩት። ስፋቱንም ከሁለቱ ጎኖች እኩል አጥብቡ፣ ያለዚያ ፊት ላይ ያለው ጥለት ከመሐል ይሸሻል።

ጎኖቹ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይወልዳል።

ያቺን ሙሽራ ቀሚሷን ጎንና ጎኑ ላይ ጨርቅ ጨምሬ፣ ትርፍ ትቼ እንደገና ሠራሁላት። ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስትል ያንኑ ቀሚስ በፌስታል ይዛ መጣች፣ እንደማይገባላት እርግጠኛ ሆና። ትርፉን ፈታሁት፣ በካውያ ተጫንኩት፣ ሰፋሁት። ለበሰችና መስታወቱን እንኳን ሳታይ፣ ሳልነግራት፣ ወለሉ ላይ ወደ ተቀመጠው ሕፃን ጎንበስ ብላ አነሳችው።