ሦስት ጊዜ ሦስት የሚያትመው ኮድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል የመገንባት) ሥራም እየፈለግሁ ነው። ባለፈው ወር አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረገልኝ። «ክሎዠር ምንድን ነው?» ሲሉኝ የሸመደድኩትን ትርጉም ሳልሳሳት ተናገርኩ። ቀጥለውም አንድ አጭር የጃቫስክሪፕት ፎር ሉፕ (ኮድን ደጋግሞ የሚያዞር ትእዛዝ) አሳዩኝ፤ በቫር (ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋ የሚይዝ ስም፣ በሚሰይመው ቃል) ከዜሮ የሚጀምር፣ ቁጥሩ ከሦስት እስካነሰ ድረስ የሚዞር፣ በየዙሩ ደግሞ ቁጥሩን ከአንድ ሰኮንድ በኋላ እንዲያትም በሴትታይምአውት የሚያዝ ነበር። «ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ያትማል» ብዬ መለስኩ። እነርሱ ግን «ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት» ነው አሉኝ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለቀጣዩ ፈተና ምን ላጥና?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገጠመዎት ጥያቄ እጅግ የተለመደ ከመሆኑም በላይ በአግባቡ የተመረጠ ነው፤ ትርጉም የሸመደደውንና የኮዱን አካሄድ የሚያውቀውን በአንድ ጊዜ ይለያልና። ውስጡ ሁለት ጉዳዮች ስላሉ በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንድ ምጣድ ብቻ ያለበትን ቤት ያስቡ፤ በአንድ ጊዜ የሚጋገረው አንድ እንጀራ ነው። በብራውዘር ውስጥ የገጹ ጃቫስክሪፕት ኮድም እንዲሁ ተራ በተራ ይሠራል። ሴትታይምአውት የተሰጠውን ፈንክሽን (ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ወዲያው አያሠራውም፤ ሰዓቱን እንዲቆጥር ለብራውዘሩ አስረክቦ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ሰኮንዱ ሲሞላ ፈንክሽኑ ወረፋ ይይዛል፤ ተራው የሚደርሰው ግን በመሠራት ላይ ያለው ኮድ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ተራ የሚያስከብረው አሠራር ኢቨንት ሉፕ ይባላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ከመታተሙ በፊት ሦስቱም ዙሮች አልቀዋል። ሰኮንዱን ወደ ዜሮ ቢያወርዱት እንኳ ውጤቱ ያው ነው፤ ጠያቂዎችም ይህንኑ አስከትለው መጠየቅ ይወዳሉ።

ሁለተኛው የትኛው ቁጥር ይነበባል የሚለው ነው። በቫር የተሰየመ ተለዋዋጭ የሚወሰነው በፈንክሽን ክልል (ስሙ በሚታወቅበት የኮድ ክፍል) እንጂ በሉፑ ቅንፍ ስላልሆነ፣ ሦስቱም ዙሮች የሚጋሩት አንድ ተለዋዋጭ ነው። አንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዜሮ ተጽፎ ይጠፋል፣ አንድ ተጽፎ ይጠፋል፣ ሁለት ተጽፎ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሦስት ሲጻፍ «ከሦስት ያነሰ» የሚለው ሁኔታ ይፈርስና ሉፑ ይቆማል። ሦስቱ ፈንክሽኖች ተራቸው ደርሶ ቀና ሲሉ ሰሌዳው ላይ የሚያዩት ሦስትን ብቻ ነው። ክሎዠር ማለትም ይኸው ነው፤ ፈንክሽኑ የተወለደበትን ክልል ተለዋዋጮች ይዞ ይቆያል፣ የያዘው ግን ራሱን ተለዋዋጩን እንጂ የዚያን ጊዜውን ዋጋ ቅጂ አይደለም። ቫርን በሌት (ተለዋዋጩን በቅንፉ ክልል በሚወስነው ቃል) ቢተኩት እያንዳንዱ ዙር የራሱን ሰሌዳ ስለሚያገኝ የእርስዎ መልስ ትክክል ይሆን ነበር።

«ታዲያ ቫር ለምን አልተወገደም?» ቢሉዎት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1995 በብራውዘር አምራቹ ኔትስኬፕ በአሥር ቀናት ውስጥ ጻፈ፤ ሌትና ኮንስት (ዳግም የማይመደብ ተለዋዋጭ የሚሰይመው ቃል) ወደ ቋንቋው መደበኛ ደንብ የገቡት ደግሞ በ2015 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት በቫር የተጻፉ ገጾች ዛሬም መከፈት አለባቸው።

የቅደም ተከተሉን ነገር ለማጽናት ይህን በወረቀት ይሞክሩ። «አንድ» የሚል ኅትመት፣ ቀጥሎ «ሁለት» የሚል በዜሮ ሚሊሰኮንድ ሴትታይምአውት፣ ቀጥሎ ቀድሞ በተፈጸመ ፕሮሚስ (በኋላ የሚደርስ ውጤትን የሚወክል ነገር) ዜን፣ ማለትም ተከታይ ሥራ፣ ውስጥ «ሦስት»፣ በመጨረሻም በቀጥታ «አራት»። የሚወጣው አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው፤ የፕሮሚስ ተከታይ ሥራዎች የራሳቸው ወረፋ አላቸው፣ ያም ወረፋ ከሰዓት ቆጣሪው ወረፋ ቀድሞ ይስተናገዳል።

ከዚህ ሌላ ኮንስት ዳግም መመደብን እንጂ የአሬይን (የዋጋዎች ዝርዝርን) ይዘት መለወጥን እንደማይከለክል፣ ድርብ እኩል ምልክት የዋጋን ዓይነት ቀይሮ ሲያወዳድር ሦስት እኩል ምልክት ግን እንደማይቀይር ይወቁ። በገጽ ላይ ላሉ መቶ ዝርዝሮች መቶ አድማጭ (እንደ ጠቅታ ያለ ክስተትን የሚጠብቅ ፈንክሽን) ከማሰር ይልቅ በወላጃቸው፣ ማለትም ሁሉንም በያዘው የገጹ ክፍል፣ ላይ አንድ ማሰር እንደሚበቃም በአንድ ትንሽ ገጽ ሠርተው ይመልከቱ። የ«ታይፕኦፍ ነል» (ነል የተባለው ባዶ ዋጋ ዓይነቱ ምን ይባላል የሚለው) ዓይነት እንቆቅልሾችን መሸምደድ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ጊዜዎን ይበላል።

ለልምምድ አንድ ሥራ ልተውልዎት፦ ያንኑ ሉፕ ቫርን ሳይነኩ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እንዲያትም ያድርጉት። ፍንጩ፣ ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አዲስ ክልል መወለዱ ነው። መፍትሔውን ሲያገኙ እያንዳንዱን መስመር ለጓደኛዎ ጮክ ብለው ያስረዱ፤ የሚደናቀፉበት መስመር ገና ያልገባዎት እርሱ ነው።