«ወስዶ መጣ» በእንግሊዝኛ ስንት ግስ ነው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑ ደብዳቤዎች እንደተማከሩ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የወደቁት፦ በእንግሊዝኛ ቴንስ (የግስ ጊዜ) ላይ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ግስ ሲገጥም ምን ይደረግ? እስቲ በተራ እንያቸው።

«ጋሼ፣ ፋሲል ግቢ አካባቢ ማስጎብኘት ጀምሬያለሁ። ‹ፋሲለደስ ቢልት ዚስ ካስል፣ ኤንድ ቪዚተርስ ስቲል ከም ሂር› ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ፓስትና ፕረዘንት አይደባለቁም አለኝ። ‹ኬም› ላድርገው?»

ኧረ እንዳታደርገው! «ኬም» ካልክ ጎብኚው ድሮ ይመጣ ነበር፣ አሁን ቀርቷል ማለት ይሆናል። ንጉሡ ግንቡን አሠርተው አልፈዋል፤ ሰው ግን ዛሬም ይመጣል። ግስ የሚጠየቀው «አንተ መቼ ነህ?» ተብሎ ነው እንጂ «ጎረቤትህ ምን ለበሰ?» ተብሎ አይደለም። ጓደኛህ የሰማው ደንብ ሌላ ነው። ያለፈ ታሪክ እየተረክህ ያለምክንያት ከ«ሄደ» ወደ «ይቀመጣል» አትዝለል ነው የሚለው።

ጽሑፍህ ላይ ያላየኸው ስህተት ግን አለ። «ፋሲል ግቢ ኢዝ ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1979» ብለሃል። በእኛ ቋንቋ «በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው» ስንል «ነው» ይበቃናል። እንግሊዝኛው ግን ትናንትን ከዛሬ የሚያገናኝ ግስ ይፈልጋል፤ «ሃዝ ቢን» በለው። በነገራችን ላይ፣ ለፈረንጅ ጎንደር ከተማ በ1628 ተቆረቆረች ካልከው ቴንስህ ልክ ሆኖ 8 ዓመት ትስታለህ። በእነሱ አቆጣጠር 1636 ነው።

«ሆስፒታል ውስጥ ተለማማጅ ነርስ ነኝ። የታማሚ ታሪክ ስጽፍ ‹መድኃኒት ወስዶ መጣ› የሚለው ያስቸግረኛል።»

እህቴ፣ ያንቺን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። «ወስዶ» ብቻውን ጊዜ የለውም። «ወስዶ መጣ» ስንል ያለፈ ይሆናል፤ «ወስዶ ይመጣል» ስንል ገና ነው። የመጨረሻውን ግስ ይጠብቃል ማለት ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ አይጠብቅም፤ ሁለቱንም ግስ ለየብቻ ማልበስ አለብሽ፦ «ሂ ቱክ ዘ ሜዲስን ቢፎር ሂ ኬም»።

ግን ቆይ። «ቱክ» ብለሽ ካቆምሽ የሚቀጥለው ሐኪም ሰውየው መድኃኒቱን የተወ ሊመስለው ይችላል። አሁንም እየወሰደ ከሆነ «ሂ ኢዝ ቴኪንግ» በይ። ከ3 ቀን በፊት ጀምሮ እስካሁን እየወሰደ ከሆነ ደግሞ «ሂ ሃዝ ቢን ቴኪንግ ኢት ፎር ስሪ ዴይስ»። እዚህ ላይ የግስ ስህተት ከሰዋስው ያልፋል፤ መድኃኒት ሊያስደግም ይችላል።

«ትኩሳት ከያዘው 3 ቀኑ ነው» የሚለውን «ሂ ሃዝ ፊቨር ሲንስ ስሪ ዴይስ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ልኩ «ሂ ሃዝ ሃድ ኤ ፊቨር ፎር ስሪ ዴይስ» ነው። «ሃዝ ሃድ» መንተባተብ ይመስላል አይደል? ግን ልክ ነው። «ሲንስ» መነሻውን ይፈልጋል፣ ሰኞን ለምሳሌ። «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ‹ዌን አይ ዊል ፊኒሽ፣ አይ ዊል ኮል ዩ› ለምን ተሰረዘብኝ?»

«ዊል» ሁለቴ ስለገባ ነው። «ስጨርስ እደውላለሁ» ስትል «ስጨርስ» ላይ ገና መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ጊዜውን የተሸከመው «እደውላለሁ» ነው። እንግሊዝኛም እዚህ ላይ እንደኛው ነው፦ «ዌን አይ ፊኒሽ፣ አይ ዊል ኮል ዩ»። «ኢፍ»፣ «አፍተር»፣ «ቢፎር»፣ «አንቲል» ሲመጡም እንዲሁ። «ዌን» ትርጉሙ «መቼ» ሲሆን ግን «ዊል» ይገባል፦ «አይ ዶንት ኖው ዌን ሂ ዊል ከም»።

«‹ሌፍት› እና ‹ሃድ ሌፍት› ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ይሄ እኔንም አሳፍሮኛል። ድሮ አዘዞ ላይ አውቶብስ አምልጦኝ አረፈድኩና ለፈረንጅ አለቃዬ «ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ በስ ሌፍት» ብዬ ጻፍኩ። «ታዲያ ዓይንህ እያየ ሲሄድ ለምን አልጮህክም?» አለኝ። ለካ «ስደርስ ሄደ» ነበር ያልኩት። «ስደርስ ሄዶ ነበር» ለማለት «ሃድ ሌፍት» ያስፈልግ ነበር። የኛ «ሄዶ ነበር» እና የነሱ «ሃድ ሌፍት» እዚህ ላይ ወንድማማች ናቸው።

«ኦልዞው» እና «በት» አብረው ይሄዳሉ ወይ ላላችሁኝ፦ አይሄዱም። አንዱን ጣሉት። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄድን» የምንለው ነው የሚያሳስተን።

የመጨረሻው ፒያሳ ላይ ሱቅ ካላቸው አባት የመጣ ነው። «አንድ ቱሪስት ‹ነገ እመጣለሁ› ብሎኝ ጋቢ አስቀመጥኩለት። ለልጄ ‹ሂ ሴድ አይ ዊል ከም ቱሞሮው› ብዬ ቴክስት ብልክ ሳቀብኝ።»

አባቴ፣ ልጅዎ የሳቀው መጪው እርስዎ ስለመሰሉ ነው። በአማርኛ «እመጣለሁ አለ» ስንል የሰውየውን አፍ እንዳለ ነው የምናስቀምጠው። በእንግሊዝኛ ግን ያለ ትምህርተ ጥቅስ «አይ» ካሉ እርስዎ ነዎት። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም ቱሞሮው» ይበሉ። ቀኑ ገና ስለሆነ «ሂ ዊል ከም» ቢሉም ማንም አይሰርዝብዎትም። ቀኑ ካለፈ ግን «ዉድ» ነው፣ «ቱሞሮው»ም «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሆናል። የማያልፍ እውነት ሲሆን ደግሞ ፕረዘንቱን መተው ይቻላል፦ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ራስ ዳሸን ኢዝ ኢን ኢትዮጵያ»። ተራራው የትም አልሄደም።

ሰውዬው መጥቶ ጋቢውን ወሰደ ወይ? እሱን ሳይነግሩኝ ደብዳቤው አለቀ።