ለታመመ ወንድሜ ስቴም ሴል ብሰጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ ነው። ወንድሜ የደም ካንሰር ይዞታል። ሐኪሞቹ መርምረውኝ ስለገጠምን ስቴም ሴል እንድሰጠው ጠየቁኝ። የማኅበራችን እኅቶች ግን «ስቴም ሴል ከፅንስ የሚወሰድ ነው፤ እንዳትነኪው» አሉኝ። ጾሙም ደርሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። ስጪው። ኃጢአት የለበትም።

የእኅቶችሽ ፍርሃት ግን መነሻ አለው፤ ስለዚህ ለይተን እንየው። ስቴም ሴል ራሱን የሚያባዛ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴልም መለወጥ የሚችል ሴል ነው። በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ያለው ዕድሜ ልካችንን ደም ሲያመርት ይኖራል። ካንቺ የሚፈለገው ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጉሻል፤ ሴሎቹ ከመቅኔ ወደ ደም ይወጣሉ። ከዚያ ደምሽ በማሽን ያልፋል፤ ማሽኑ ሴሎቹን ያስቀርና ሌላውን ይመልስልሻል። አጥንትሽን ሊቆረጥምሽ ይችላል። የሰጠሽውን ግን ሰውነትሽ መልሶ ይተካዋል። በዚህ ሁሉ ነፍሱ የሚጠፋ ማንም የለም። በእናት በአባት አንድ የሆኑ ልጆች ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙበት ዕድል 25 በመቶ ብቻ ነውና መግጠማችሁ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነው።

ሕፃን ከተወለደ በኋላ ከእትብቱ የሚቀዳ ደምም እንዲሁ ንጹሕ ነው።

ችግሩ ያለው ፅንሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጄምስ ቶምሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል አውጥተው በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ፅንሱ አምስት ቀን ገደማ የሆነው ነው። ሴሎቹ ሲወሰዱ ይጠፋል። «መውለድ ላቃታቸው ተዘጋጅተው የተረፉ ናቸው፤ ያው መጣላቸው አይቀርም» የሚሉ አሉ። ሕሙማንን ለማዳን መጓጓታቸው ይገባኛል። ግን መሞቱ ስለማይቀር ብለን ማንንም ለጥቅማችን አንገድልም። እግዚአብሔር ኤርምያስን «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ብሎታል። ቅዱስ ባስልዮስም ፅንስን ሆን ብላ ያጠፋችን ሴት እንደ ነፍሰ ገዳይ ሲቆጥር፣ መልክ ይዟል አልያዘም የሚለውን ክርክር አልተቀበለም። «አምስት ቀን እኮ ምንም አይደለም» ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ደስ የሚለው፣ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በዓመቱ ደግሞ የአዋቂ ሰውን የቆዳ ሴል ከፅንስ እንደሚወሰደው ዓይነት ስቴም ሴል አደረጉት። ፅንስ አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። እንዲህ ያለውን ምርምር እኛ ምእመናን ልንደግፈው ይገባል ባይ ነኝ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሐኪም ብዪ ባለሽ ጊዜ ብዪ። ለንስሐ አባትሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የምትቆርቢበትንም ቀን አማክሪያቸው። ወንድምሽ ጸበሉንም አይተው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይነግረናልና ሁለቱ አይጣሉም።

ወደፊት ሌላ የስቴም ሴል ሕክምና ቢቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሴሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ለጉልበቱም ለስኳሩም በአንድ መርፌ እናድናለን ከሚሉ ክሊኒኮች ደግሞ ራቁ። የወንድምሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት እናስበዋለን።