አምፖሉ «ዴይላይት» ይላል፣ ክሬ ግን ደጅ ሲወጣ ሌላ ነው

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ መስኮት የለውም። ባለፈው ወር የሚዜ ቀሚስ ስሰፋ ከጥለቱ ጋር አንድ የሚመስል ቀይ ክር መረጥኩ። ደንበኛዬ ደጅ አውጥታ ስታየው ጥለቱ ወደ ብርቱካን፣ ክሩ ወደ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ! ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። አምፖሌ እኮ ካርቶኑ ላይ «ዴይላይት (የቀን ብርሃን) 6500 ኬልቪን» ይላል። ዋሹኝ ወይስ ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንሽ ደህና ነው እህቴ። ቁጥሩም አልዋሸሽም፤ ግን ያንቺን ጥያቄ የሚመልስ ቁጥር አይደለም። ኬልቪን የሚነግርሽ ብርሃኑ ራሱ ምን እንደሚመስል ብቻ ነው። 2700 ከሆነ እንደ ድሮው አምፖል ቢጫ ይላል፣ 6500 ከሆነ ደመና ያለበት እኩለ ቀን ይመስላል። ክርሽ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያሳይ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፀሐይ ብርሃን ውስጥ የቀስተ ደመና ቀለም ሁሉ አለ። ነጩ ኤል ኢ ዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ መብራት ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ነገር ከፊሉን ወደ ቢጫ ይቀይረውና ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ። (ሳይበራ ውስጡ የምታዪው ቢጫ ነጠብጣብ እሱ ነው።) ርካሹ ላይ ደማቅ ቀይ በጣም ያንሳል። አምፖሉ ያልላከውን ቀይ ክርሽ ከየት አምጥቶ ይመልሰው? ሁለቱም ቀዮች ደብዝዘው ይመሳሰላሉ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ጉዳቸው ይወጣል።

ስለዚህ ሻጩን «ሲ አር አዩ ስንት ነው?» በይው። አምፖሉ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ ነው። ተራው አምፖል 80 አካባቢ ነው፣ ላንቺ ሥራ ከ90 በታች አትግዢ። አንድ ተንኮል ግን አለ፤ ነጥቡ የ8 ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቅ ቀይ አይቆጠርበትም! እሱ ለብቻው «አር 9» ተብሎ ይለካል፣ ብዙ ካርቶን ላይም አይጻፍም። እንግዲያው ያሳቱሽን ጥለትና ክር በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ ያብራልሽ፤ አሁንም አንድ ከመሰሉ አምፖሉን መልሺለት።

ሱቁን በሙሉ መቀየር የለብሽም፣ ከመስፊያ ማሽኑ በላይ ያለችው አንዷ ትበቃለች። ክር ስትመርጪ ግን ሌሎቹን አጥፊ፤ ከተደባለቁ ገንዘብሽን በከንቱ ነው ያወጣሽው።