ጥያቄና መልስ፦ ካቹ ያልያዘው ስህተት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ አካባቢ ካሉ ስድስት የእሸት ቡና መቀበያ ጣቢያዎች የዕለቱን የሚዛን ደረሰኝ ጅማ ወዳለ ሰርቨር የሚሰበስብ ፕሮግራም በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው) ጽፌያለሁ። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ በፕሮሚስ ኦል፣ ማለትም ብዙ ጥሪዎችን አብሮ በሚጠብቀው ፈንክሽን፣ እጠራለሁ። የአንዱ ጣቢያ ኔትወርክ ሲቋረጥ የቀሩት የአምስቱም ዳታ አብሮ ይቀራል። በትራይና ካች (ስህተት ሲወረወር በሚይዘው የኮድ አጥር) ባጥረውም አንዳንዴ ካቹ ምንም ሳይዝ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይፈታል ይሉኛል፤ እንዴት? (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ ያጋጠመዎት ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ፕሮግራሙ ቀጥ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ «አዌት» ስለተረሳ ነው። ፕሮሚስ ወደፊት ለሚመጣ መልስ መያዣ ነው፤ አዌት መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትራይ ውስጥ «ሪተርን ሰብስብ(ጣቢያ)» ብለው ከሆነ ፕሮሚሱ ገና ሳያልቅ ከትራዩ ይወጣል፤ ስህተቱ ሲመጣ ካቹ አልፏል። «ሪተርን አዌት ሰብስብ(ጣቢያ)» ይበሉት። ለፎር-ኢች (ዝርዝሩን አንድ በአንድ ለሚያዳርሰው) የተሰጠ አሲንክ፣ ማለትም ፕሮሚስ የሚመልስ፣ ፈንክሽንም እንዲሁ ነው፤ ፎር-ኢች የሚመለስለትን ፕሮሚስ አይጠብቅም። ከኖድ 15 ጀምሮ ደግሞ ተቀባይ ያላገኘ የፕሮሚስ ስህተት ፕሮግራሙን ያስቆመዋል፤ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ያልፍ ነበር።

ፕሮሚስ ኦል የመጀመሪያው ስህተት እንደደረሰ ይወድቃል። ሌሎቹን ጥሪዎች ግን አያስቆማቸውም፤ የአምስቱ ጣቢያዎች መልስ ይመጣል፣ የሚቀበለው ግን የለም። የፈንክሽናል መንገድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ስህተቱን መወርወር ትቶ እንደማንኛውም መልስ መመለስ። ጥሪውን የሚጠቀልል አንድ ፈንክሽን ይጻፉ። ሲሳካ «ኦኬ» ትሩ የሆነና ደረሰኞቹን የያዘ ኦብጀክት ይመልስ፤ ሳይሳካ «ኦኬ» ፎልስ ሆኖ የጣቢያውን ስምና የስህተቱን ዓይነት የያዘ ኦብጀክት ይመልስ። ይህ ሪዘልት ይባላል፤ በሃስክል ቋንቋ ኢይዘር የሚሉት ነው። እንዲህ የተጠቀለለ ጥሪ የጣቢያው መስመር ቢቋረጥም ስለማይወድቅ ፕሮሚስ ኦል ስድስቱንም መልስ በቅደም ተከተላቸው ይሰጥዎታል። አምስቱን ይመዘግባሉ፣ የጌራው እንዳልደረሰ በስሙ ያውቃሉ። ፕሮሚስ ኦል-ሴትልድም ስድስቱንም ይጠብቃል፤ የስህተቱን ዓይነት ግን አይለይልዎትም፣ የተወረወረውን እንዳለ ነው የሚያስረክብዎ።

ሲጠቀልሉ ከፌች፣ ጥያቄውን በኔትወርክ ከሚልከው ፈንክሽን፣ ይጠንቀቁ። ፌች ሰርቨሩ 404 (አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመልስም ተሳካ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ የሚወድቀው መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ የመልሱን ኮድ ራስዎ አይተው ወደ ስህተት ይለውጡት። ሌላው ወጥመድ ይባስ ስውር ነው፦ መስመር ሲቋረጥ ፌች የሚወረውረው ታይፕ-ኢረር የሚባል ስህተት ነው፤ ከአንደፋይንድ (ዋጋ ካልተሰጠው ነገር) ላይ ፊልድ ለማንበብ የሞከረ የራስዎ ኮድም የሚወረውረው ያንኑ ነው። ትራዩ ውስጥ የፌችን መስመር ብቻ ያስቀምጡ። ደረሰኙን የሚያሰላው ኮድ አብሮ ከገባ የራስዎ የኮድ ስህተት «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ይመዘገባል፣ እርስዎም ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ሲወቅሱ ይከርማሉ። የኮድ ስህተት ጮክ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ሪዘልት የሚገባው አስቀድመው ለሚጠብቁት ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች በማፕና በቼይን ይያያዛሉ። ሁለቱም ሪዘልቱ ከተሳካ ብቻ ቀጣዩን ሥራ የሚያስኬዱ ፈንክሽኖች ናቸው፤ ማፕ የሥራውን መልስ በሪዘልት ይጠቀልላል፣ ቼይን አይጠቀልልም። ሊሳሳት የማይችል ሥራ፣ ለምሳሌ ኪሎውን በዋጋ ማባዛት፣ በማፕ ይሂድ። ራሱ ሪዘልት የሚመልስ ሥራ፣ ለምሳሌ ክብደቱ ከዜሮ በላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በቼይን ይሂድ። በማፕ ካስኬዱት ሪዘልት ውስጥ ሪዘልት ይፈጠራል፤ የውጭው «ኦኬ» ትሩ ስለሆነ ክብደቱ ዜሮ የሆነ ደረሰኝ ያለ ተቃውሞ ይመዘገባል። ድንገት ስድስቱም ጣቢያ የወደቁ መስሎ ከታየዎት ደግሞ የተረሳ አዌት ይፈልጉ፤ ያላለቀ ፕሮሚስ ላይ «ኦኬ» ብለው ሲጠይቁ አንደፋይንድ ነው የሚያገኙት፣ ኮዱም እንደ ፎልስ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ መስመር ሲመለስ በራሱ እንዲሞክር አደረግሁት፤ ሦስት ጊዜ ቢሞክርም ስህተቱ ወዲያው ያው ነው። ሲሳካ ደግሞ አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁ።

መልስ፦ ፕሮሚስ ከተፈጠረበት ቅጽበት ጀምሮ ሥራው ሄዷል፤ አንዱን ፕሮሚስ ሦስት ጊዜ ቢጠብቁት ያንኑ አሮጌ መልስ ይሰጥዎታል። ለሚደግመው ፈንክሽን ፕሮሚሱን የሚፈጥረውን ፈንክሽን ያስረክቡት። በሙከራዎቹ መካከል 1፣ 2፣ ከዚያ 4 ሰከንድ ይጠብቅ፤ ስድስቱ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ እንዳይመለሱ ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥር ይደመርበት። መደገም ያለበት የመስመር መቋረጥ፣ 500ና ከዚያ በላይ ያለ ኮድና 429 (ጥያቄ በዛ) ነው። 400 ወይም 422 ከመጣ ዳታው ራሱ ስህተት አለበት፤ መቶ ጊዜ ቢልኩት ያው ነው።

ሁለት ጊዜ የተመዘገበው፣ ደረሰኙ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ስለቀረ ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ ጣቢያው ላይ ሲቆረጥ የራሱ መለያ ይሰጠው፤ ዳታቤዙ ላይ ያ መለያ ዩኒክ (የማይደገም) ይሁን፣ ሲደገም ሰርቨሩ «አስቀድሞ አለ» ብሎ እንደ ስኬት ይመልስ። ገበሬው የሚከፈለው በዚህ ደረሰኝ ነውና ይህን ለነገ አያቆዩት።

ጥያቄ፦ ላይብረሪ ልጠቀም ወይስ ራሴ ልጻፈው?

መልስ፦ ለስድስት ጣቢያ ራስዎ ይጻፉት፤ ማፕ፣ ቼይንና መጠቅለያው ተደምረው ሃያ ሠላሳ መስመር ቢሆኑ ነው። በታይፕስክሪፕት (ዓይነት በሚፈትሸው ጃቫስክሪፕት) ከሆነ ሁለቱን ቅርጾች በዩኒየን («ይህ ወይም ያ» በሚል ዓይነት) ይግለጹ፤ «ኦኬ»ን ሳይፈትሹ ደረሰኙን ለማንበብ ሲሞክሩ ኮምፓይለሩ ይከለክልዎታል። ሥራው ሲሰፋ ኔቨርትሮው የሚባለውን ላይብረሪ ይመልከቱ፤ ለመልመድ አይከብድም።